ዱላውን ማን ይለካዋል?

እንዲህ እንበል። ከደብረ ሲና ቁልቁል ባለ አንድ መንደር፣ ጉም መሬት ላይ በተኛበት ሌሊት ውሻ ይጮኻል። አባወራው ዱላውን አንስቶ ይወጣል። ከበጎቹ ጉረኖ ደጃፍ ላይ አንድ ሰው ጠቦት ታቅፎ ያገኛል። ይመታዋል። ሰውየው ይወድቃል፤ ሳይነጋም ሕይወቱ ያልፋል።

ታሪኩ የተፈጠረ ነው። የሕግ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ጉዳይ ሆን ብለው ይፈጥራሉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡና ፍርዱም አብሮ ይለወጥ እንደሆነ ያያሉ። ዱላው ጠመንጃ ቢሆንስ? ሌሊቱ ቀትር ቢሆንስ? ሌባው እየመጣ ሳይሆን እየሸሸ ቢሆንስ? ዘዴው ዘመናዊ ይመስላል እንጂ ዕድሜው ረጅም ነው። ኦሪት ዘጸአት ሌሊት ቤት በሚሰብር ሌባና ፀሐይ ከወጣች በኋላ በሚያዝ ሌባ መካከል ልዩነት ያደርጋል፤ የመጀመሪያውን የገደለ የደም ዕዳ የለበትም፣ ሁለተኛውን የገደለ ግን አለበት። ሌባው ያው ሌባ ነው። የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው፤ ፍርዱ ግን ተገለበጠ።

የኛ አባወራ ጉዳይ ደብረ ብርሃን ወዳለው የሰሜን ሸዋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ዐቃቤ ሕግ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 540 ጠቅሶ ሊከሰው ይችላል፤ ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ተከላካይ ጠበቃው ደግሞ አንቀጽ 78ን፣ ሕጋዊ መከላከልን ያነሳል። ክርክሩ ከቀናው አባወራው ነጻ ይወጣል። ተከላክሏል፣ ነገር ግን ከልክ አልፏል ከተባለ አንቀጽ 541 ይመጣል፤ ጣሪያው 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው። ከልክ ያለፈው በድንጋጤና በፍርሃት ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 79 ዳኛው ጭራሽ ሳይቀጣ እንዲያሰናብተው በር ይከፍታል። በ20 ዓመት ጽኑ እስራትና ቤት በመግባት መካከል ያለው ርቀት ሁሉ የሚለካው በአንድ ነገር ነው፦ ዱላው ከአደጋው ጋር ይመጣጠን ነበር ወይ?

ዳኛው ይህን ለመወሰን የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንያቸው። ጥቃቱ በርግጥ ነበር ወይም ሊደርስ የተቃረበ ነበር? ሕገ ወጥ ነበር? በሌላ መንገድ፣ በጩኸት፣ ጎረቤት በመጥራት፣ በመያዝ፣ ሊመለስ ይችል ነበር? በመጨረሻም የአደጋው ክብደትና የተጠበቀው ጥቅም ከደረሰው ጉዳት ጋር ሲመዘን እንዴት ይታያል?

ሕገ መንግሥት የተማረ ሰው ይህን ዝርዝር ሲሰማ ያውቀዋል። ሌላ ቦታ፣ ስለ ሌላ ነገር አንብቦታል። በዓለም ዙሪያ የተመጣጣኝነት መርሕ የሚባለው ይኸው ነው፤ እዚያ ግን ዱላ የሚያነሳው ገበሬ ሳይሆን መንግሥት ነው። መንግሥት የአንድን ሰው መብት ሲገድብ ፍርድ ቤቱ አራት ነገር ይጠይቃል። ዓላማው ተገቢ ነው? የተወሰደው እርምጃ ወደ ዓላማው ያደርሳል? ሰውን ያነሰ የሚጎዳ፣ ግን እኩል የሚሠራ መንገድ አልነበረም? የተገኘው ጥቅም የደረሰውን ጉዳት ያህላል? አባወራው ላይ የሚወርደው ጥያቄና ሚኒስትሩ ላይ መውረድ ያለበት ጥያቄ ወንድማማች ናቸው። እኔን ወደዚህ ጉዳይ የሳበኝ ይህ መመሳሰል ነው፤ ሁለቱ የተገናኙት የት ነው?

የመጀመሪያው መንገድ የዘር ሐረግ መቁጠር ነው። አሁን የምንሠራበት የወንጀል ሕግ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው። አንቀጽ 78 ግን አዲስ አልነበረም። በ1949 ዓ.ም. ከታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 74 የተወረሰ ነው። የዚያን ሕግ ረቂቅ ያዘጋጁት የጄኔቫው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቬን ናቸው። ሕጉ በንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን ሐምሌ 16 ቀን 1949 ታውጆ፣ በነጻነት መታሰቢያ ቀን ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሜይ 5 ቀን 1958 መሆኑ ነው። ይህን ቀን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

የመንግሥቱን መርሕ ዘር ለመቁጠር የሄደ ሰው ደግሞ የሚደርሰው በርሊን ነው። ታሪኩ በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። በበርሊን ክሮይትስበርግ በተባለ ኮረብታ ላይ፣ ናፖሊዮንን ለማባረር የተደረጉትን ጦርነቶች የሚያስታውስ ሐውልት ቆሟል፤ ንድፉ የካርል ፍሪድሪኽ ሺንከል ሲሆን የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1821 ነው። ፖሊስ በ1879 በዙሪያው የሚሠራ ቤት ከፍታው እንዲገደብ ደንብ አወጣ፤ ከሐውልቱ ሥር ሆኖ ከተማዋን፣ ከከተማዋም ሆኖ ሐውልቱን ማየት እንዳይከለከል። አንድ ባለ ርስት ፎቅ ሊሠራ ጠይቆ ተከለከለ፤ ከሰሰ። የፕሩሲያ የበላይ አስተዳደር ፍርድ ቤት ጁን 14 ቀን 1882 ደንቡን ሻረው። ጣርማ በር አፋፍ ላይ ቆሞ ቆላውን ቁልቁል ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ እይታው እንዳይጋረድ በመንገዱ ዳር ከአንድ ፎቅ በላይ አይሠራ ቢባልና ባለ ቦታው ፍርድ ቤት ቢሄድ እንደማለት ነው።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ውሳኔ የተመጣጣኝነት መርሕ የተወለደበት ቤት አድርገው ያቀርቡታል። ውሳኔው ራሱ ሲታይ ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ፍርድ ቤቱ የባለ ርስቱን ጉዳት በአንድ በኩል፣ የእይታውን ውበት በሌላ በኩል አድርጎ አልመዘነም። የ1794ቱ የፕሩሲያ ሕግ ለፖሊስ የሰጠው ሥልጣን አደጋን መከላከል ነው፤ ውበት መጠበቅ ደግሞ አደጋ መከላከል አይደለም፤ ስለዚህ ፖሊስ ሥልጣኑ አልነበረውም። ነገሩ በዚሁ አለቀ። ከአራቱ ጥያቄዎች የተነካው የመጀመሪያው፣ እሱም ከፊሉ ብቻ ነው። ሚዛኑ ከሳጥኑ አልወጣም።

ለዚህ መስክ ተማሪ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። እርስ በርስ የሚጠቃቀሱ መጻሕፍት ያቆዩት ዝና አንድ ነገር ነው፣ መዝገቡ ውስጥ ያለው ሌላ። ታሪክ ጸሐፊዎቹ ወደ መዝገቡ በተመለሱ ጊዜ፣ በበርሊን የተገኘው የኋላው ሥርዓት መሠረት እንጂ ሥርዓቱ ራሱ አለመሆኑን አዩ። ሥርዓቱ ቅርጽ የያዘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካርልስሩኸ በተቀመጠው የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነው።

እዚያ ደግሞ ክርክሩ የመድኃኒት ቤት ነበር። በባየርን ግዛት፣ ትራውንሮይት በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ባለሙያ መድኃኒት ቤት ልክፈት ብሎ ያመለክታል። ባለሥልጣኑ ያለው መድኃኒት ቤት ይበቃል፣ ሌላ ከተጨመረ ሁለቱም ይዳከማሉ ብሎ ይከለክለዋል። የሕዝብ ጤና ዓላማው መልካም ነው፣ ማንም አይከራከርም። ፍርድ ቤቱ ግን እዚያ አላቆመም። መድኃኒት ቤት ሲበዛ በርግጥ የሕዝብ ጤና ይጎዳል? የሌሎች አገሮች ልምድ ምን ያሳያል? ባለሙያዎች ምን ይላሉ? ሰውን ከሙያው ከመከልከል በፊት፣ የሥራውን አሠራር በመቆጣጠር ብቻ ያው ዓላማ አይደረስም? ክልከላው ወደቀ። ቀኑ ጁን 11 ቀን 1958 ነበር።

አሁን ወደ ያዝነው ቀን እንመለስ። የግራቬን ሕግ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ላይ የዋለው ሜይ 5 ቀን 1958፣ የካርልስሩኸው ውሳኔ የተሰጠው ጁን 11 ቀን 1958። መካከላቸው ከአንድ ወር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ከዚህ ተነስቶ ኢትዮጵያ ጀርመንን ቀደመች ማለት ከንቱ ኩራት ይሆናል፤ ሕጋዊ መከላከልን በልክ የሚያስር ሕግ በብዙ አገር ነበረ። ግን ሌላ ነገር ማለት ይቻላል። በዚያ የጸደይ ወራት በሁለት አገሮች፣ የቀለለ መንገድ አልነበረም ወይ የሚለው ጥያቄ በሕግ ተተከለ፤ በአንደኛው አገር የተተከለው በመንግሥት ላይ፣ በሌላው በጎጆ ባለቤት ላይ።

ይህ አጋጣሚ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለው? አንድና ሁለት ውሳኔ አንብቦ መልስ አይገኝም። መቁጠር ያስፈልጋል።

መቁጠር የተጀመረው ካናዳ ውስጥ ነው ባልል እንኳ፣ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የካናዳ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 መጨረሻ በኦንታሪዮዋ ለንደን ዴቪድ ኦክስ የተባለ ወጣት 8 ትናንሽ ብልቃጥ የሐሺሽ ዘይትና 619 ዶላር ከ45 ሳንቲም ይዞ ተያዘ። ሕጉ ዕፅ ይዞ የተገኘ ሰው ሊነግድበት እንደያዘው ይቆጥራል፤ አይደለም የሚል ራሱ ያስረዳ ይላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1986 ሕጉን ሲሽር ለወደፊቱ ሁሉ የሚያገለግሉትን የጥያቄ ደረጃዎች ዘረዘረ። አስቂኙ ነገር፣ ደረጃዎቹን የወለደው ጉዳይ ራሱ የወደቀው ገና በመግቢያው ነው፤ ጥቂት ዕፅ መያዝና መነገድ በምክንያት አይያያዙም ተባለ። ዝነኞቹ ኋለኛ ደረጃዎች ሳይሞከሩ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች የካናዳን ውሳኔዎች ሰብስበው በየትኛው ደረጃ እንደወደቁ አንድ በአንድ መዘገቡ። ብዙዎቹ ሕጎች የሚወድቁት የቀለለ መንገድ ነበር በሚለው ደረጃ ላይ ሆኖ ተገኘ። የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ዲተር ግሪም እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለቱን አገሮች አነጻጽረው ሲጽፉ፣ ጀርመኖች ከባዱን ሥራ ለመጨረሻው ሚዛን እንደሚያቆዩት፣ ካናዳውያን ግን ከዚያ በፊት እንደሚጨርሱት አመለከቱ። በ2020 ደግሞ መርዶካይ ክሬምኒትዘር፣ ታልያ ስታይነርና አንድሬ ላንግ ያዘጋጁት መጽሐፍ ወጣ። በጀርመን፣ በካናዳ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በእስራኤል፣ በፖላንድና በሕንድ የተሰጡ ውሳኔዎች በአንድ ዓይነት ቅጽ ተሞልተው የተተነተኑበት ነው። በወረቀት አንድ የሆነው መርሕ በየአገሩ ችሎት የተለያየ መልክ ነበረው።

ቅጹ ቀላል ነገር ነው። ለየውሳኔው አንድ ረድፍ፤ ከላይ አራቱ ጥያቄዎች። ዳኛው ዓላማውን ጠይቋል? ማስረጃ ፈልጓል? ስለ ቀለለ መንገድ ምን አለ? ጉዳዩ የተቋጨው በየትኛው ጥያቄ ላይ ነው? የቅጹ ጥበብ ስም አለመፈለጉ ነው። ዳኛው መርሑን በስሙ ባይጠራውም ጥያቄውን ከጠየቀ ይመዘገባል፤ ስሙን አሥር ጊዜ ጠርቶ ጥያቄውን ካላነሳ ባዶ ይሆናል።

ይህን ቅጽ ይዞ ወደ አገር ቤት የተመለሰ ሰው ምን ያገኛል? ሕገ መንግሥታችን ሁሉንም መብት በአንድ ጊዜ የሚያስር የገደብ አንቀጽ የለውም፤ ገደቡ በየመብቱ ሥር ተበትኗል። አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ አንቀጽ 27 ሃይማኖትን፣ አንቀጽ 29 ሐሳብን መግለጽን፣ አንቀጽ 30 ሰላማዊ ሰልፍን በየራሱ መንገድ ይገድባል። ቁሳቁሱ ስላለ ዳኛ ቢጠይቅ የሚጠይቅበት አያጣም። ችግሩ የሚሞላው ረድፍ ነው። ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን የፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲሆን፣ ጉዳዩን መርምሮ የሚያቀርብለት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው።

በጣም የሚታወቀውን ጉዳይ እንውሰድ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. አገር አቀፍ ምርጫ በተካሄደበት ዕለት ማታ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ለአንድ ወር ሰላማዊ ሰልፍም ሆነ የአደባባይ ስብሰባ እንዳይደረግ ከለከሉ። ተቃዋሚው ቅንጅት ፍርድ ቤት ሄደ፤ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ጥያቄውን ወደ አጣሪ ጉባኤው መራው። ጉባኤው ክልከላው ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ አለፈው። የክርክሩ ልብ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን አላቸው ወይ የሚል ነበር። የበርሊኑ ኮረብታ ትዝ አላችሁ? እዚያም ጥያቄው የሥልጣን ነበር። በርሊን ላይ ሥልጣን የለም ተባለ፣ አዲስ አበባ ላይ አለ ተባለ፤ በሁለቱም ቦታ ከሥልጣን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ተራ አልደረሰውም። ለምን አንድ ወር፣ ለምን ሳምንት አይሆንም? ለምን መላው ከተማ? ለምን ሁሉም ሰልፍ፣ ፈቃድ የጠየቀውም ጭምር?

ቀኖቹንም አስተውሉ። አንቀጽ 78ን የያዘው አዲሱ የወንጀል ሕግ የጸናው ግንቦት 1 ቀን 1997 ነው። ክልከላው የወጣው ግንቦት 7 ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ የአገሪቱ ሕግ ለገበሬው ዱላህን ለካ አለው፤ የመንግሥትን እርምጃ ግን የሚለካ አልተገኘም።

በዚህ መስክ ድርቀት መኖሩን የታዘበ ሰው ቀድሞም ነበረ። ጌዲዮን ጢሞቴዎስ እ.ኤ.አ. በ2010 በሚዛን የሕግ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን በሚመለከት የኢትዮጵያ ችሎቶች የዳበረ የሕግ ትንታኔ እንደሌላቸው አሳይተዋል። ከ11 ዓመት በኋላ የፍትሕ ሚኒስትር ሆነው፣ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መታወጁን ለሕዝብ ያስታወቁት እኒሁ ሰው ናቸው። በተከታዩ ኅዳር በሰሜን የተነሳው ጦርነት እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ደረሰ። አዋጅ ያስፈልግ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅና፣ ከአስፈለገ በምን ልክ ብሎ መጠየቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ጦርነት ከደጅ ሲደርስ ሁለተኛው ጥያቄ የቅንጦት ይመስላል። የተጻፈው ግን ለዚያ ጊዜ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 የሚኒስትሮች ምክር ቤት መብቶችን ማገድ የሚችለው አዋጁን ያስከተለውን ሁኔታ ለማስወገድ እስካስፈለገ ድረስ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። በሕገ መንግሥታችን ውስጥ የአንቀጽ 78ን ያህል ጥርት ያለ የልክ መስፈሪያ ካለ ይህ ነው።

ቅጹን ለጊዜው አጥፌ ወደ ወንጀል መዝገቦች ተመለስኩ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎቹን በቅጽ በቅጽ አሳትሟል፤ የሕግ ትርጉሙ ከ1997 ጀምሮ በበታች ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን የሚፈልግ በ1956 ዓ.ም. ገደማ መታተም የጀመረውን የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት ያገላብጣል፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ያትምበት ነበር። በሕጋዊ መከላከል ክርክር ጥያቄዎቹ የግድ ይመጣሉ፤ ሕጉ ራሱ ዳኛውን ይጎትተዋል። ሟች ምን ይዞ ነበር? ርቀታቸው ስንት ነበር? መሸሻ ነበረ? ስንት ጊዜ መታው፣ ከወደቀ በኋላስ ደገመው? ከወደቀ በኋላ የተሰነዘረ ምት ብዙ ጊዜ የክርክሩ መቁረጫ ነው፤ የጥቃቱ ጊዜ አልፏልና። ምስክር ሲጠራም ስለዚሁ ይጠየቃል። አራቱ ጥያቄዎች በማስረጃ የሚፈተኑት እዚህ ነው።

ሌላም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1148 ባለ ይዞታ ንብረቱን በኃይል እንዲከላከል፣ በድብቅ ወይም በኃይል የወሰደበትንም ሰው እጅ ከፍንጅ ወይም ሲሸሽ ይዞ እንዲያስመልስ ይፈቅድለታል። ወዲያው ግን ሁኔታው የማይጠይቀውን የኃይል ድርጊት ይከለክለዋል። በወንጀልም በፍትሐ ብሔርም፣ ለሚያሳድደው ሰው ሕጉ ልጓም አስሮበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልፈትሽ አሰብኩ። ጀርመኖች መንግሥታቸውን በልክ ካሰሩ፣ ሌባ የሚያሳድደውን ዜጋቸውንስ? መልሱ ያልጠበቅሁት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1920 የጀርመን ራይኽ ፍርድ ቤት አንድ የፍራፍሬ ጠባቂን ጉዳይ አየ። ማለዳ ላይ ውሻና የተጎረሰ ጠመንጃ ይዞ ሲጠብቅ ሁለት ሰዎች ፍሬ ሰርቀው አገኘ። ቁሙ፣ አለዚያ እተኩሳለሁ አላቸው፤ ፍሬውን ይዘው ሮጡ። ተኮሰ፤ አንዱን ክፉኛ አቆሰለው። ፍርድ ቤቱ ጠባቂው በሕጋዊ መከላከል ላይ ነበር አለ። ፍሬውን የሚያስጥል ሌላ መንገድ እስካልነበረው ድረስ የሰው አካልና የፍሬ ዋጋ መመዘን የለበትም፤ ሕግ ለሕገ ወጥ ነገር ቦታ አይለቅም የሚል አስተሳሰብ ነው። የኋላ ዘመን ዳኞችና ሊቃውንት ይህን አለዝበውታል፤ ልዩነቱ ቅጥ ሲያጣ መከላከል አይፈቀድም ይላሉ። መሠረቱ ግን እስከ ዛሬ አለ። የጀርመን የወንጀል ሕግ ተከላካዩን የሚጠይቀው ድርጊቱ አስፈላጊ ነበር ወይ ብሎ ነው፤ የጥቅሞችን ሚዛን በመርሕ ደረጃ አይጠይቀውም።

እንግዲህ ሁለቱ አገሮች ፊት ለፊት የቆሙ መስታወቶች ናቸው። ጀርመን ለመንግሥት የሙሉ ልክ ጥያቄ አዘዘች፣ ለዜጋው ግማሹን ተወችለት። እኛ ዜጋውን ሙሉውን እንጠይቀዋለን፣ መንግሥትን ግን ሥልጣን አለህ ወይ ብለን እንለቀዋለን። የተመጣጣኝነትን መርሕ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያጠና ሰው ሕገ መንግሥቱን ብቻ ይዞ ከሄደ መርሑ እዚህ አገር አልደረሰም ብሎ ይመለሳል። ደርሷል፤ ያለው ግን እንግዳው በማይፈልገው ክፍል ውስጥ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱን አንድ ምክንያት አይሸከመውም፤ እኔ ግን አውጫጭኝን አልረሳም። አፈርሳታም ይባላል። ስታንሊ ፊሸር በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አበራ ጀምበሬም እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የኢትዮጵያ የሕግ ታሪክ መጽሐፋቸው አስፍረውታል። በአንድ አገር ላይ ስርቆት ወይም ቃጠሎ ደርሶ አጥፊው ካልታወቀ ነዋሪው ሁሉ አደባባይ ይወጣል። አጥፊው እስኪነገር ከዚያ መለየት የለም፤ የቀረ ይቀጣል፤ አጥፊው ካልተገኘም ሕዝቡ ተዋጥቶ ይከፍላል። አንድ በሬ ጠፍቶ አገር ምድሩ ከእርሻው ተለይቶ ይውላል። ዓላማው ተገቢ ነው፣ ወደ ዓላማውም ያደርስ ነበር። ሦስተኛውን ጥያቄ፣ ሌላ መንገድ የለም ወይ የሚለውን፣ ለሹሙ የሚያቀርብለት ግን አልነበረም። በሰውና በሰው መካከል ያለውን ልክ ግን ሽማግሌዎች ዘወትር ሲመዝኑት ኖረዋል፦ ማን ቀደመ፣ ማን አበዛ፣ ደሙ በምን ያህል ካሳ ይደርቃል። ያም ልማድ አልሞተም። አሉላ ፓንክረስትና ጌታቸው አሰፋ በ2008 እ.ኤ.አ. ባዘጋጁት የባህላዊ ዳኝነት መድብል ውስጥ መላኩ አባተና ውብሸት ሽፈራው ስለ ሰሜን ሸዋው የወፋ ለገሠ ባህላዊ ዳኝነት የጻፉት ጥናት፣ በዚሁ ዞን ከመደበኛው ፍርድ ቤት ውጭ ክርክር የሚዳኝበት ሥርዓት መኖሩን ያሳያል። የግራቬን አንቀጽ እዚህ አገር በቀላሉ የለመደው የለመደ አፈር ስላገኘ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

ግምቱን መፈተሽ ይቻላል፤ ሥራው አዲስ አበባ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻ ግን አያልቅም። የሰበር ቅጾች የሚያሳዩት እዚያ የደረሰውን ነው፤ ይግባኝ ያላለው፣ የታረቀው፣ ጠበቃ ያልነበረው በነሱ ውስጥ የለም። ደብረ ሲና ላይ በወረዳው ፍርድ ቤት ያሉትን የአካል ጉዳት መዝገቦች፣ ደብረ ብርሃን ላይ ያሉትን የግድያ መዝገቦች፣ ከነሱ ጎን ደግሞ ሽማግሌዎች የጨረሱትን ጉዳይ በቃል እየጠየቁ በአንድ ቅጽ መሙላት ይጠይቃል። የመጀመሪያው የበጉ ሌባ ታሪክም እዚህ ሥራ ያገኛል። ዳኛውንም ሽማግሌውንም ያንኑ ታሪክ አሰምቶ፣ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ፣ ዱላውን በጠመንጃ፣ ሌሊቱን በቀን፣ ሁለቱ የሚለያዩበትን ነጥብ መፈለግ ነው።

ለመንግሥቱ ወገን ደግሞ አዲስ መዝገብ ተከፍቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ሰው የመሥሪያ ቤት መመሪያንና ውሳኔን ፍርድ ቤት አቅርቦ እንዲያስመረምር መንገድ ሰጥቷል፤ በዚያ የሚሰጡ ውሳኔዎች በረድፍ ሊገቡ ይችላሉ። ከዚያም አስቸኳይ ጊዜዎቹ አሉ። ከ2009 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከቁጥር 1 እስከ ቁጥር 6 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆች ወጥተዋል፤ የመጨረሻው በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው ነው። አንቀጽ 93 ከአዋጁ ጋር አብሮ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም ያዛል። ቦርዱ በአንድ ወር ውስጥ የታሰሩትን ሰዎች ስም ከታሰሩበት ምክንያት ጋር ይፋ ማድረግ አለበት። ተመራማሪው መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። ስድስቱን አዋጆች በስድስት ረድፍ ጽፎ፣ በየረድፉ ዝርዝሩ በወሩ ወጥቶ እንደሆነ፣ ከወጣም ከስሙ አጠገብ የተጻፈው ምክንያት ለዚያ ሰው መታሰር የሚበቃ መሆኑን እየጠየቀ ይሞላል።